ማዕበል የራሱ ቀጠሮ አለው

በኮስታ ሪካዋ ታማሪንዶ ረፋድ ላይ ሰርፍ ቦርዱን ይዞ ባሕር የሚገባ ሰው ማዕበል ከመጋለብ ይልቅ ተራ ሲጠብቅ ይውላል። ይህን ግፊያ ሽሽት ብዙዎች በኮረኮንች መንገድ ሩቅ ይነዳሉ። እኔ ግን ከቦታው በፊት ወቅቱንና ሰዓቱን አያለሁ። ሰው ምቾትን ይከተላል፤ ማዕበል የራሱ ቀጠሮ አለው።

በበጋው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ፓፓጋዮ የሚባለው ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። የማዕበሉን ፊት ስለሚደግፈው ቶሎ አይፈርስም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነውና ቱሪስቱም የሚጎርፈው ያኔ ነው። ከግንቦት ጀምሮ ዝናብ ይገባል፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ እንግዳው ይሳሳል። ትልልቁ ማዕበል ግን በዚሁ ወቅት ይመጣል፤ በደቡባዊው የፓስፊክ ውቅያኖስ የተነሳ ወጀብ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን አሻግሮ ይልከዋል። በዝናቡ ወቅት ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ጭጭ ይላል፤ ረፋዱ ላይ ከባሕር ተነስቶ ውሃውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ማለዳ ያልደረሰ ቀኑ አመለጠው ማለት ነው።

በዚህ ዳርቻ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። አሁን የሞተ የሚመስል ቦታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ከመግባቴ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ቆሜ ውሃውን አጠናለሁ። አረፋው ደጋግሞ የሚነጣበት ቦታ ከሥሩ የአሸዋ ክምር አለ፤ ማዕበሉ የሚሰበረው እዚያ ነው። ከጎኑ ጠቆር ብሎ ሳይሰበር የሚቀረው ውሃ ደግሞ ወደ ባሕር የሚመለስበት ጥልቅ መስመር ነው፤ ወደ ውስጥ የምቀዝፈው በእሱ በኩል ነው። ጎርፍ ያወረደው አሸዋ በወንዝ አፍ ጥሩ ማዕበል ይሠራል፤ ነገር ግን ታማሪንዶን ከጎረቤቱ የፕላያ ግራንዴ ዳርቻ የሚለየው ወንዝ አዞ አለበት። ውሃው ሲደፈርስ አልጠጋም።

ሰው በሌለበት ዳርቻ የሚደርስልህም ሰው የለም፤ ስለዚህ ብቻዬን አልገባም። የመንደሩን ዓሣ አጥማጆች ሰላም ብዬ ስለ ውሃው እጠይቃለሁ፤ ባሕሩ መተዳደሪያቸው ነውና። ፎቶም አንስቼ አልበትንም።

ጀማሪዎች ሲጠይቁኝ የቦታ ስም አልነግራቸውም፤ የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰንጠረዥ አነባበብ አሳያቸዋለሁ። ስም የያዘ ሰው ያንኑ አንድ ቦታ ያጨናንቃል፤ ውሃ ማንበብ የለመደ ግን በሄደበት ሁሉ የራሱን ማዕበል ያገኛል።