በእውነት አፍ ፊት

በሮማ ከተማ፥ በቲቤር ወንዝ አጠገብ፥ ኮስሜዲን የተባለች የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ቅዱሳት ሥዕላት በተሰደዱበት በ8ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ የሸሹ የግሪክ መነኮሳት ተጠግተውባታል። በደጀ ሰላሟ ግድግዳ ላይ ከእብነ በረድ የተጠረበ፥ አፉን የከፈተ ትልቅ ክብ ፊት ቆሟል። ሕዝቡ «የእውነት አፍ» ይለዋል፤ ሐሰተኛ ሰው እጁን ቢያገባበት ይነክሰዋል እየተባለም ሲነገር ኖሯል። «የሮማ ዕረፍት» የተባለው የሲኒማ ታሪክ ምሥጢሩን የሚገልጠው በዚሁ ደጅ ስለ ሆነ፥ ምርመራውም ከዚሁ ቢጀመር የተገባ ነው።

አዘጋጁ ዊልያም ዋይለር ሥራውን ያነሣው በ1944 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ ዝናም በሮማ ግን ሐሩር በሆነበት ወራት ነው። ለሕዝብ የታየውም በማግሥቱ ዓመት ነው። ታሪኩ አጭር ነው። የአገሯ ስም ያልተጠራ ልዕልት አን፥ ከሥርዐትና ከሰላምታ ብዛት የተነሣ ተሰላችታ፥ ሌሊት ከኤምባሲዋ ታመልጣለች። ጆ ብራድሌይ የተባለ ጋዜጠኛ በመንገድ ዳር ተኝታ ያገኛታል። በማግሥቱ ማንነቷን ሲያውቅ ታሪኳን በ5,000 ዶላር ለመሸጥ ከአለቃው ጋር ይስማማል፤ ለእርሷ ግን ምንም እንደማያውቅ መስሎ ከተማውን ያስጐበኛታል። እርሷም ከትምህርት ቤት የጠፋች ተማሪ ነኝ ትለዋለች። እንግዲህ ያ ቀን በሁለት ሐሰት መካከል የዋለ ቀን ነው።

የዋይለር ብልኀት ሙቀቱንና ከተማውን የታሪኩ አካል ማድረጉ ነው። ልዕልቲቱ ጠጕሯን ታስቈርጣለች፤ የሸሚዟን ዐንገትጌ ከፍታ እጅጌዋን ትጠቀልላለች፤ በስፓኝ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እንደ ማንኛዪቱም ልጃገረድ ጀላቲ ትበላለች፤ በቬስፓም እየበረረች የሕዝቡን መንገድ ታውካለች። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ በጥንቱ ድንጋይ ላይ ስታበራ ተመልካቹ ግለቱን በዓይኑ ይቀምሰዋል። የተሸከመችው ማዕርግ ከላይዋ እንደ ከባድ ካባ ቀስ በቀስ ሲወርድ ይታያል። ኦድሪ ሄፕበርን ይህን ሁሉ ያለ ብዙ ቃል፥ በዓይኗና በአረማመዷ ብቻ ታስረዳለች።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወደ እውነት አፍ ይደርሳሉ። ጆ የድንጋዩን ወሬ ይነግራታል፤ እርሷም እጇን ዘርግታ ሳታገባው ትመልሰዋለች። ቀጥሎ እርሱ እጁን ያገባና እንደ ተነከሰ ሆኖ ይጮኻል፤ እጁንም በእጅጌው ሸሽጎ ሲያወጣው ልጅቱ በድንጋጤ ትጮኻለች። ተመልካች ሁሉ በዚህ ይሥቃል። ዳሩ ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ የሚያሳዝን ነው፤ እርሷ ሐሰቷ አስፈርቷት እጇን ስትመልስ፥ የበለጠ ሐሰት ያለበት እርሱ በድፍረት ቀልዶበታልና።

የታሪኩ ክብር በፍጻሜው ነው። ልዕልቲቱ ሰውየውን ብትወደውም ለአገሯና ለቤተ ሰቧ ያለባትን ግዴታ አስባ በዚያው ሌሊት ትመለሳለች። ጋዜጠኛውም ገንዘቡን ትቶ ምሥጢሯን ይጠብቃል፤ በስውር የተነሡት ፎቶግራፎችም በእጇ ይሰጧታል። ብዙ የሲኒማ ታሪክ በጋብቻ ሲፈጸም፥ ይህ ግን በመለያየትና በታማኝነት ይፈጸማል። ትዳርንና ሹመትን ለሚያከብር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ፍጻሜ አይገኝም።

ነገር ግን እውነትን የሚፈትን ሥራ ራሱም መፈተን አለበት። ታሪኩን የፈጠረው ዳልተን ትራምቦ ነበር፤ እርሱም ስለ ፖለቲካ አሳቡ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ተጠይቆ አልመልስም በማለቱ ታስሮ ከሥራ ታግዶ ስለ ነበር፥ በስሙ ፈንታ የወዳጁ የኢያን ማክሌላን ሀንተር ስም ተጻፈ። የኦስካር ሽልማትም በ1946 ዓ.ም. በወዳጁ ስም ተሰጠ። ለትራምቦ የታሰበው ግን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1985 ዓ.ም. ነው። ስለ ሐሰት መዘዝ የሚናገር ሥራ ስለዚህ በሐሰተኛ ስም ወጣ።

ሁለተኛው ፈተና የከተማዪቱ ነው። ከዚያ ደጅ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ቺርኮ ማሲሞ ከተባለው ከጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ በሌላው ጫፍ፥ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአክሱም ሐውልት በዚያ ወራት ቆሞ ነበር። የፋሽስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የወሰደው ነው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የተወሰደውን የጥበብ ሥራና ንዋየ ቅድሳት፥ ውሉ ከጸና በኋላ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታ ነበር። ዋይለር ሥዕሉን ባነሣበት ወራት ቀጠሮው ካለፈ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሐውልቱ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም.፥ በስፍራው ዳግመኛ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው።

ዋይለር የፍቅር ጨዋታ ሊያሳይ እንጂ የሕግ ክርክር ሊጽፍ አልተነሣምና በዚህ አይከሰስም። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ የሚያይ ኢትዮጵያዊ፥ ሁለቱ ወጣቶች በድንጋዩ አፍ ፊት ሲሣሣቁ፥ ከሜዳው ማዶ የቆመውን ሌላውን ድንጋይ ሳያስብ አያልፍም። አንዲት ልጅ የገባችውን ግዴታ ለመፈጸም አንድ ሌሊት በቃት፤ አንድ መንግሥት ግን ግማሽ መቶ ዓመት አለፈው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ለትራምቦም ለሐውልቱም ደርሷል፤ ለትራምቦ ግን ንጋቱ የመጣው ዓይኑ ከተከደነ በኋላ ነው።