ላባው ሲያንስ

የማጥመጃ ዝንብ ለመሥራት ከመንጠቆው በቀር የሚያስፈልገው ሁሉ ጋይንት ውስጥ ይገኛል፦ የአውራ ዶሮ ላባ፣ የቆቅ ላባ፣ የበግ ጠጉር፣ በእንዝርት የተፈተለ ቀጭን ክርና ሰም። ዝንብ የምለው በራሪዋን አይደለም፤ ዓሣ ነፍሳት መስሎት እንዲጎርሰው መንጠቆ ላይ በክርና በላባ የሚሠራውን ማታለያ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያን የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍ መንጠቆ ላይ ጠቅልለው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ከጻፈ 1,800 ዓመት ገደማ ሆኖታል። በእኛ ዘንድ ልማዱ አልነበረም። እኔ የተማርሁት ባሌ፣ ዌብ ወንዝ ዳር ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የተባለ ዓሣ እዚያ አለ።

ለበዓል ገብስማ አውራ ዶሮ ሲታረድ የአንገቱን ላባ አስቀርቼ አደርቃለሁ። ጠንካራ ስለሆነ ዝንቡን ውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል። ለሚሰጥመው ግን ቆቅን የሚያህል የለም። ላባዋ ለስላሳ ነው፤ ወራጁ ውኃ ሲነካው እንደ ነፍሳት እግር ይርገበገባል። በሰሜን እንግሊዝም የቆቅ ዘመድ በሆነች ወፍ ላባና በብርቱካንማ ሐር የሚሠራ ስመ ጥር ዝንብ አለ። እኔ ቆቅ አላድንም፤ ከማሳ ዳር ወድቆ የማገኘው ይበቃኛል።

ክሩን ሰም ላይ ደጋግሜ እስበዋለሁ፤ መንጠቆው ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሰሙ ነው። ከቀዳዳው ሥር ጀምሬ ብረቱ እስከሚታጠፍበት ድረስ ጎን ለጎን እጠመጥማለሁ። ከዚያ ከበግ ጠጉር ቆንጠር አድርጌ ክሩ ላይ በሁለት ጣቴ አሻለሁ፤ የክሩ መልክ ከሥር ካልታየ ጠጉሩ በዝቷል። ላባውን በጫፉ አስሬ ሁለት ዙር ብቻ አዞረዋለሁ፤ ከዚያ ቋጠሮ፣ አለቀ። ጀማሪ ሁሉ ሦስተኛና አራተኛ ዙር ያምረዋል። ላባ የበዛበት ዝንብ ለሰው ዓይን ያምራል፤ ውኃ ውስጥ ግን ላባው ተደራርቦ አይንቀሳቀስም፣ ዓሣውም አልፎት ይሄዳል።

ዝንብ ለባሌው ትራውት ብቻ አይደለም፤ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ጣና የሚገባው የጉማራ ወንዝም ነጭ ዓሣ አለው። የዚህ ዓሣ ዘመዶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዝንብ መጠመዳቸው የታወቀ ነው። ጣና የሚኖሩት ብዙዎቹ ነጭ ዓሣዎች እንቁላል የሚጥሉት ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ነው። ያኔ የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትን ሰው አለ። መርዙ ዓሣውን ያፍነዋል፤ ትልቁን ከትንሹ፣ እንቁላል ያዘለውን ካላዘለው አይለይም። በዝንብ የሚያጠምድ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ይይዛል፣ ያልፈለገውንም በሕይወቱ ይመልሳል። ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝም ይኸው ነው።

በጉማራ ዳር ያላችሁ ወንድሞች፣ ብርብራውን ተዉት። ክረምት ከገባ ጀምሮ ጥቅምት እስኪያልቅ ደግሞ መንጠቆም አትጣሉ፤ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ ወደ ጣና ይመለስ።