ጉልላቱ ላይ ያልደረሰ ጥናት

ስለ መንዝ ጓሳ የተጻፈ ነገር ሲነሣ ዘላለም ተፈራ አሸናፊና ናይጀል ሊደር-ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሂውማን ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት 33ኛ ቅጽ ላይ ያወጡት ጥናት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ ስላለው አገር በቀል የጋራ ሀብት አስተዳደር የሚናገር ሥራ ነው። ዘላለም ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚሁ ጓሳና በቀይ ቀበሮው ላይ አቅርበው ነበር። ጥናቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። ነገር ግን ሣሩን ከታጨደበት ሜዳ ተከትሎ ቤት ጣሪያ ድረስ ስላልሄደ፣ የራሱን ዋና መከራከሪያ የሚያጠነክርለትን ማስረጃ ሳያነሣው አልፏል። ያ ማስረጃ ጉልላቱ ነው።

በመጀመሪያ ጥናቱ የቆመበትን እናስቀምጥ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ውርጫማ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ከብቱን ያሰማራበታል፣ ጨረንፌ የተባለውን ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቅምበታል፣ ከሁሉ በላይ ስሙን ለቦታው ያወረሰውን የጓሳ ሣር ያጭድበታል። ሣሩ ገመድ ይሆናል፣ ጌሣ ይሆናል፣ የቤት ክዳን ይሆናል። ይህን ሁሉ ለዘመናት ያስተዳደረው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። የቀደምቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች በአጽመ ርስት መብታቸው የሥርዓቱን አለቃ፣ አባ ቄራውን፣ ይመርጡ ነበር፤ በአባ ቄራው ቃል ሜዳው ሦስትም፣ አራትም፣ አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር። የሚከፈተው በበጋ ነበር፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ቀጥሎ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋ ነበር።

የጥናቱ ምርጥ ክፍል ይህ ሥርዓት እንዴት እንደፈረሰና ከፈረሰ በኋላም እንዴት እንዳልሞተ የሚተርከው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር የአባ ቄራውም ሥልጣን አብሮ ተሻረ። ሜዳው የገበሬ ማኅበራት ሆነ፤ ቀድሞ መብት ያልነበረውም ሰው ገባበት። ጥናቱ እዚህ ላይ አያለቅስም። የመንዝ ሰው በእድር መልክ አዲስ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን እንደገና እንዴት እንደጀመረ በጥንቃቄ ያሳያል። የጋራ መሬት ባለቤት የለውምና መጥፋቱ አይቀርም ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ ከአገራችን አላየሁም።

ክፍተቱ ያለው የክዳኑ ነገር ላይ ነው። ጣሪያ በጥናቱ ውስጥ ሣሩ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ተብሎ ከገመድና ከጌሣ ጋር ተሰልፎ ያልፋል። ሰው አንድን ሜዳ አምስት ዓመት ዘግቶ መጠበቅ የሚችለው ግን ቤቱ እስከዚያ ድረስ ከቆየለት ብቻ ነው። በሁለት ክረምት የሚያፈስ ክዳን ቢሆን ኖሮ የትኛውም አባ ቄራ፣ የቱንም ያህል ቢፈራ፣ ሜዳውን ዘግቶ ሊያቆየው አይችልም ነበር። የሕጉ ዕድሜ በጣሪያው ዕድሜ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የጣሪያው ዕድሜ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው አናቱ ላይ ነው።

የጓሳ ሣር ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ሽቦ ይጠነክራል። እንደ ገብስ ገለባ ውስጡ ባዶ አይደለምና ውኃ አይዝም፣ ቶሎም አይተኛም። ከዳኙ እቅፍ እቅፍ እያደረገ ከጠፈጠፉ ጀምሮ ወደ ላይ ይደረድረዋል፤ የላይኛው የታችኛውን እግር እየሸፈነ ስለሚሄድ ዝናቡ ከሣር ወደ ሣር እየተቀባበለ መሬት ይደርሳል። አናቱ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ከላይ የሚሸፍነው ሌላ ሣር የለም። የምሰሶውም ጫፍ ብቅ የሚለው እዚያው ነው። ውኃ እንጨት ካገኘ ደግሞ እንጨቱን ተከትሎ እስከ ቤቱ መሃል ይወርዳል። ስለዚህ እንስራ ወይም ገንቦ፣ ብዙ ጊዜ ለውኃ መቅጃ የማይሆን አሮጌ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ በምሰሶው ጫፍ ላይ ይጠለቃል። በአብያተ ክርስቲያናት ላይ ያው ቦታ መስቀልና የሰጎን እንቁላል ተሸክሞ ስለሚያምር ጉልላት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጌጥን ነው። በገበሬ ቤት ላይ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ውኃ ይመልሳል።

ሸክላ ደግሞ በጓሳ ከፍታ ብዙ ጠላት አለው። በረዶ ይመታዋል። ክረምቱን ውኃ የጠጣው ገል የበጋው ሌሊት ውርጭ ሲያገኘው ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይነፋና ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ከታች ሆነው ቢያዩት አይታይም። የሚታየው ቤት ውስጥ ነው፤ ጥቀርሻ ባጠቆረው ምሰሶ ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ቡናማ ሰንበር ይወርዳል። ያ ሰንበር ታይቶ ጉልላቱ ወዲያው ካልተለወጠ ቀጥሎ የሚበሰብሰው የወራጆቹ ጫፍ አንድ ላይ የታሰረበት ቦታ ነው። እሱ ከላላ አናቱ ይሰምጣል፤ የሰመጠ አናት ውኃ ያቁራል፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑን አፍርሶ እንደ አዲስ ከመክደን ሌላ መፍትሔ የለም።

ከቄሮ ጋር ያለው ዝምድና እዚህ ላይ ይወጣል። ሜዳው በተዘጋባቸው ዓመታት ጣሪያው ያፈሰሰበት ሰው ወጥቶ ሣር ማጨድ አይችልም። የሚችለው መሰላል አቁሞ የተሰነጠቀውን ገል አውርዶ ሌላ መድፋት ነው። አንድ አሮጌ ገንቦ ሙሉ ክዳን የሚፈጀውን ሣር ለዓመታት ያተርፋል። ዘላለምና ሊደር-ዊሊያምስ ሰው ሕጉን የሚያከብርበትን ምክንያት በዝምድና፣ በሃይማኖትና በቅጣት ውስጥ ሲፈልጉ ትክክል ናቸው፤ ከእነዚህ አጠገብ የጥገናው ልማድ ቢቆጠር ኖሮ ግን ትንታኔው ሙሉ ይሆን ነበር። ሰው ሳይቸገር መታገሥ የቻለው ጥገና ስለሚያውቅ ጭምር ነው።

ጥናቱ ያላነሣው ሌላው ነገር ጭሱ ነው። የቆየው የመንዝ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባይ ያርቅበታል። በዚያው ልክ የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ይህን ሸፍኖ ባህልን ማወደስ አልወድም። ሰንበሩን ቀድማ የምታየውም፣ ጠብታው ምጣዷ ላይ ሲያርፍ የምትሰማውም ምድጃው አጠገብ የምትውለው ሴት ናት። የጥናቱ ትኩረት ተቋሙ ስለሆነ፣ ተቋሙም የወንዶች ጉባኤ ስለነበረ፣ የእሷ እውቀት ገጹ ላይ ቦታ አላገኘም።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ዛሬ በደጋው ሣር ቤት በቆርቆሮ እየተተካ ነው፤ ማድ ቤቱም የጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ እየገባለት ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ጉልላቱ ይጠብቀው የነበረው ቀዳዳ አሁንም አለ፤ ቦታውን ብቻ ነው የለወጠው። ቱቦው ቆርቆሮውን በስቶ በሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን የሚይዘው የቆርቆሮ አንገትጌ ከላይ በኩል ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር መግባት፣ ከታች በኩል በታችኛው ላይ መደረብ አለበት፤ ልክ እንደ ሣሩ። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን ቀዳዳው በሬንጅ ተለጥፎ ነው። ሬንጅ በደጋ ፀሐይና ውርጭ መካከል ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ውኃው ቱቦውን ተከትሎ ይገባል። የቱቦው ቆብም ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ይበላል፤ እርጥብ ጥቀርሻ አሲድ አለውና ስስ ቆርቆሮን ይበሳል። ሠራተኞች ኮልሞ የሚሉት የአናት መክደኛም ነፋስ ምስማሩን ካላላው ያው ነው። አሮጌ ገንቦ ከቤት አይጠፋም ነበር፤ የቱቦ ቆብ ግን ከገበያ ይገዛል፣ ቀጥቃጭ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቆቡ ሲወድቅ ሳይተካ ክረምት ይገባል።

ለጓሳ ጥበቃም ይህ ትርጉም አለው። ቆርቆሮ በበዛ ቁጥር የክዳን ሣር ፈላጊ ይቀንሳል፤ ይህ ለሜዳው እረፍት ይመስላል። ጥናቱ ራሱ ካስተማረን ነገር ስነሣ ግን ተቃራኒውን እፈራለሁ። ሜዳው የተጠበቀው ሰው ስለሚፈልገው ነው። ሣሩን ለጣሪያው የማይፈልግ ትውልድ ጥበቃ ለመውጣት፣ ሜዳውን ዓመታት ለመዝጋት፣ ከእርሻና ከግጦሽ ግፊት ጋር ለመከራከር የሚያነሣሣው ምን ይሆናል? የቱሪስት ገቢ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ከፊሉን ይመልሱ ይሆናል። ጥናቱ ሲወጣ ጥያቄው ገና ጎልቶ አልወጣም ነበርና አልተነሣም ብዬ አልወቅሰውም፤ ዛሬ ግን በጥናቱ ላይ ተመርኩዞ ስለ ጓሳ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም።

ቀጣዩ ተመራማሪ ወደ መንዝ ሲወጣ ከሜዳው ቀጥሎ መንደሩን ቢቆጥር እመኛለሁ። ስንት ቤት አሁንም በጓሳ ሣር እንደተከደነ፣ ጉልላቱ መቼ እንደተለወጠና ማን እንደለወጠው፣ የቱቦው ቆብ ከወደቀ ስንት ክረምት እንደሆነው ይጠይቅ። መጀመሪያ የሚያነጋግረውም ምድጃው አጠገብ ያለችውን ሴት ይሁን።