የአል ቢሩኒ የህንድ መጽሐፍ

በእስልምና ሥልጣኔ ዘመን ከተደረሱት መጻሕፍት መካከል፥ አል ቢሩኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1030 ገደማ ስለ ህንድ በዐረብኛ የጻፈው በተለይ ሊመረመር የሚገባው ነው። ለደራሲው መንገዱን የከፈተለት የጋዝናው ሱልጣን የማሕሙድ ሰይፍ ነበረ፤ ዳሩ ግን ወረራው የአገሩን ብልጽግና ማጥፋቱን ከመጻፍ አልታቀበም። እርሱ ራሱ በአንድ አምላክ የሚያምን ሙስሊም ሲሆን፥ የሂንዱዎችን ሃይማኖት ለመንቀፍ አልቸኮለም፤ ሳንስክሪት ተምሮ፥ እምነታቸውን ከገዛ መጻሕፍታቸው እየጠቀሰ አስረዳ፤ የሊቃውንቱንም አሳብ ከተራው ሕዝብ ልማድ ለየ።

ነቀፌታ የለበትም አንልም፤ የህንድን ሊቃውንት በትዕቢት ሲከስ ፍርዱ ይጠነክራል። ሆኖም በወሬ ለሚፈርድ ሁሉ መጽሐፉ ተግሣጽ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚኖሩባት በአገራችን፥ ስለ ሌላው እምነት ብዕር የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ ባለ እምነቱን ይጠይቅ እንላለን።