ሰምና ወርቅ በሽሮ ሜዳ ገበያ

ዶክተር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ድርብ ትርጕም ያለው የአማርኛ አነጋገር ለጨዋታ፣ ለነቀፋና ምስጢርን ለመጠበቅ የሚያገለግለውን ያህል ግልጽነትን ከሚጠይቀው ዘመናዊ አሠራር ጋር እንደሚጋጭ ገልጸዋል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ወደ ጉለሌ ወስደን ብንመዝነው የሚጐድለው ነገር አለ።

ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ነጠላ የምትሸጥ ሴት «ላንቺ ብዬ ነው እናቴ፤ አያዋጣኝም» ስትል ሐሰተኛ የሚላት የለም። ክርክሩ ገና አላለቀም ማለቷ ነው። ገዢዋም «ዞሬ እመጣለሁ» ካለች አልገዛም ማለቷ ነው፤ ሳይቀያየሙ ይለያያሉ። ወርቁን ሁለቱም ስለሚያውቁት እዚህ ላይ አሻሚነት የለም፤ ሰሙ ጨዋነት ብቻ ነው።

ችግሩ ያለው ወደ ጓዳ ሲገቡ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጣ የዶርዜ ሸማኔ፣ ከጕድጓዱ ወጥቶ የሠራውን ኩታ ለነጋዴ ሲያስረክብ «ችግር የለም፣ እንተሳሰባለን» ቢባል ምን ይመልሳል? አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው እንጂ ነገሩ አልተሰወረውም። ድርና ማጉን በዱቤ የወሰደ ከሆነ ግን እንደ ገዢዋ «ዞሬ እመጣለሁ» ብሎ ለመሄድ አይችልም። ያው ቃል በደጅ ትሕትና፣ በጓዳ የክፍያ ማዘግያ ይሆናል።

እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ቋንቋው ሳይሆን ዱቤው ነው። መጽሐፉ መንዝን በሰፊው ይተነትናል፤ ይህን ዐይነቱን ሒሳብ ለመመርመር ግን ከሸማኔው መቀመጫ አጠገብ መጀመር ይሻላል እንላለን።