ይሄ ገጠር አይመስልም

ዳይሬክተሩ ከመኪና ወርዶ የመንደሩ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጀፎረው መሃል ቆመ። በሁለቱም እጆቹ አውራ ጣትና አመልካች ጣት አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ በዚያች መስኮት አጮልቆ ግራ ቀኙን ቃኘ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጤዛው ሣሩ ላይ እንዳለ አለ፤ ጭሱ የሣር ክዳኑን ሰንጥቆ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከቤቶቹ ጀርባ እንሰቱ እንደ ግንብ ቆሟል። እኔ ከኋላው ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። ይህን መንደር ለማግኘት አራት ቀን በሞተርና በእግር ዞሬያለሁ።

«ቆንጆ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ገጠር አይመስልም።»

ወልቂጤ ተወልጄ ያደግሁ የጉራጌ ሰው ነኝ፤ የእናቴ አገር ቸሃ ነው፤ ክረምቱን ያሳለፍኩት አያቴ ቤት ነው። ገጠር ምን እንደሚመስል ሰው ሲነግረኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ማታ ሳብላላው ግን ሰውዬው አልዋሸም። በአማርኛ ፊልም ገጠር የታወቀ መልክ አለው፦ በሬ የተጠመደበት ማሳ፣ አውድማ፣ የጤፍ ክምር፣ በጭቃ የተመረገች ጎጆ፣ ከዋርካ ሥር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። ተመልካች ይህን ሲያይ ማንም ሳይነግረው «አገር ቤት» ይላል። እንሰት ሲያይ ግን «የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተመልካች ታሪኩን ትቶ ቦታውን ከጠየቀ ደግሞ ለዳይሬክተሩ ትዕይንቱ ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

ሥራዬ የቀረጻ ቦታ መፈለግ ነው። ፊልሙ አልቆ ሰው ጃኬቱን ሲለብስ «ሎኬሽን ማናጀር» ተብሎ ስሜ ያልፋል፤ አንዳንዴም «ምስጋና» ከሚለው ሥር ከሆቴሉና ከምግብ ቤቱ ጋር ተደርድሬ ራሴን አገኘዋለሁ። ብዙ ሰው ሥራው ዞሮ ዞሮ ውብ ቦታ ፎቶ ማንሳት ይመስለዋል። ውብ ቦታስ በአገራችን ሞልቷል። የሚቸግረው ጀነሬተር የጫነ አይሱዙ የሚገባበት መንገድ፣ 30 ሰው የሚጸዳዳበት ሥፍራ፣ የወፍጮ ድምፅ የማይደርስበት ጸጥታ፣ ማህተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ነው። ከደብዳቤው በላይ ደግሞ የባለቤቱ እሺታ። ደብዳቤ ቀበሌው በር ድረስ ነው የሚያስገባው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አጥር የሰው ነው።

አዲስ ቦታ ስደርስ መጀመሪያ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይህን ያስተማረኝ የድምፅ ባለሙያ ነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማዳመጥ። ወልቂጤ ዳር ያየሁት አንድ ግቢ፣ ለዓይን ምንም የማይወጣለት፣ እዚህ ፈተና ላይ ወደቀብኝ፤ በጅማ መንገድ ላይ ዳገቱን የሚያቃስት የጭነት መኪና በየሦስት ደቂቃው ያልፋል። እንሰት ራሱ ድምፅ አለው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ያ ሰፊ ቅጠል እርስ በርሱ ሲማታ በማይክ የሚሰማው ዝናብ ነው። ስለዚህ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ጠዋት፣ የዝምታውን ከሰዓት አደርገዋለሁ።

ብርሃኑም የራሱ ጠባይ አለው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ፈጥና አናት ላይ ትወጣለች፤ ከ4 ሰዓት በኋላ የተዋናይ ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል። ማታም እንደዚያው ናት፤ ወርቃማው ብርሃን መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ አንድ ትዕይንት ሦስቴ ለመድገም እንኳ ጊዜ አይሰጥም። እንሰት ሥር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ቅጠሉ ብርሃኑን አረንጓዴ ቀብቶ ፊት ላይ ይጥለዋል፤ መልከ መልካሟ ተዋናይት ወባ የያዛት ትመስላለች። ይህን የማያውቅ ካሜራ ማን ኮምፒውተር ላይ ሲያየው ነው የሚያለቅሰው። የሚያውቀው ነጭ ሪፍሌክተር ያስጠጋል፤ መብራት ካለው ሮዝ ማጣሪያ ያለብሰዋል። ጀማሪ ሳለሁ ይህን ሁሉ ቦታው ላይ ጥፋት ያለበት አድርጌ እቆጥረው ነበር። አሁን ለካሜራ ማኑ አስቀድሜ የምነግረው የመንደሩ ጠባይ ነው፤ እንግዳ ቤት ስትገባ ውሻው የት እንደታሰረ እንደሚነገርህ ማለት ነው።

የዚህ አካባቢ ሀብቱ ከፍታና ዝቅታው ነው። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘህ ወልቂጤ ትደርሳለህ። ከዚያ በጅማ መንገድ ቁልቁል ስትወርድ የጊቤ ሸለቆ ይቀበልሃል፤ ሙቀት፣ ግራር፣ ዝንጀሮ፣ ወንዙ ውስጥ ጉማሬ። ተመልሰህ በእምድብር አድርገህ ወደ ጉመርና ጌታ ብትወጣ ደግሞ ገብስና ጉም፣ ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ። በመሃሉ እንሰት። በሌላ በኩል ቡታጅራ፣ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ። ሶዶ ላይ የጢያ ትክል ድንጋዮች፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡት። (ፍቅረኛሞቹ ድንጋዩን ተደግፈው ይቀረጹልን ተብዬ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠይቄያለሁ። መቃብር እኮ ነው! እናትህ መቃብር ላይ ሰው ተደግፎ ቢሳሳም ምን ትላለህ? ስል ዝም ይላሉ።) አንድ አምራች በአንድ ሳምንት ቆላም ደጋም ወይና ደጋም ይዞ ሊመለስ የሚችልበት አገር ነው።

ካሜራው ግን አይመጣም። አንዱ ምክንያት አበል ነው። አዲስ አበባ ሲቀረጽ ተዋናዩ በታክሲ መጥቶ ማታ ቤቱ ያድራል። እዚህ ሲመጣ መኝታ፣ ምግብ፣ ነዳጅ፣ የውሎ አበል ይደመራል። ለዚህ ነው ያቺው ቪላ፣ ያው ካፌ፣ ያው የሆስፒታል ኮሪደር የሚመላለስብን፤ ፍቅሩ ሲጠና ደግሞ ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ዳር የሚያልቀው። በዚህ አልፈርድም፤ ሒሳብ ሒሳብ ነው።

ሌላው ምክንያት ግን ከሒሳብ አይገባም። ጉራጌው እኮ በፊልሞቻችን ሞልቷል። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሳንቲም ይቆጥራል፤ በቅላጼው ያስቃል፤ ለመስቀል «አገሬ ልግባ» ብሎ ሻንጣውን ያነሳል። እዚያ ላይ ካሜራው አውቶቡስ ተራ ይሸኘውና ይመለሳል። ሰውዬው አለ፤ አገሩ የለም። ክትፎው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ክትፎው የሚቀርብበት ኮባ ከየት ተቆርጦ እንደመጣ ማንም አያሳይም። ቴአትር ከዚህ የተሻለ ሠርቷል፤ ብሔራዊ ቴአትር ያቀረበው የጫንያለው ወልደጊዮርጊስ «የቃቄ ወርድወት» ወርድወት የተባለችውን የጉራጌ ሴት ሙግት ከየጆካ፣ ከጉራጌው ባህላዊ ሸንጎ ጋር ለአዲስ አበባ ሰው አሳይቷል። እኔ ግን እንደ ሙያተኛ ቴአትሩን ሳስበው አርፌ አልቀመጥም። ሸንጎው ከየትኛው ዛፍ ሥር፣ ሴቶቹ በየትኛው ጀፎረ እየመጡ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል ስትሆን እያልኩ በልቤ ቦታ አያለሁ።

ቦታን እንደ መጋረጃ ሳይሆን እንደ ሰው የያዙ ፊልሞች አሉን። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» መንደር ከጣና ሐይቅ ዳር ሌላ የትም ሊሆን አይችልም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ሲገባ ከልጁና ከበጉ እኩል የሰሜኑ ተራራ አብሮ ገብቷል። ከጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ሐረርን ቢያወጡት የሚቀር ነገር የለም። እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው «የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ትዕይንቱ አይከሽፍም፤ ጥያቄው የፊልሙ አካል ነው።

የውጭዎቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። አንጀሊና ጆሊ የተወነችበት «ቢዮንድ ቦርደርስ» እ.ኤ.አ. በ2003 የ1977ቱን ረሃባችንን ሲያሳይ የቀረጸው ናሚቢያ ነው። ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል የወጡበትን ታሪክ የሚተርከው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት»ም ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ተቀርጿል። በረሃ ለበረሃ መተካቱ በሙያዬ የተለመደ ነው፤ ፈቃድ የሚቀልበት፣ የመሣሪያ ኪራይ የሚገኝበት፣ መንገድ ያለበት አገር ያሸንፋል። የሚገርመኝ የረሃቡ ነው። የዚያ ዘመን ምስል በዓለም የዞረው ከኮረም ነው፤ ኮረም ደግሞ ደጋ ነው፤ ሰው የሞተው በረሃብ ብቻ ሳይሆን በሌሊቱ ቁርም ነበር። ለፈረንጁ ረሃብ ማለት አሸዋ ነው፤ ለእኔው ዳይሬክተር ደግሞ ገጠር ማለት ጤፍ ነው። ሁለቱም ቦታውን ከማየታቸው በፊት አይተውት ጨርሰዋል።

ጥፋት የሌለብኝ ግን አይምሰል። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መሃል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ለቀስተኛ ይቆምበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል፣ ጥጃ ይግጥበታል፣ ልጅ ኳስ ይመታበታል። ስፋቱን ማንም አይነካም፤ አጥሩን ወደፊት የገፋ ሰው ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። አንድ ነሐሴ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ በኋላ የጀነሬተሩ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ «ልግባ?» አለኝ። ቀረጻው ዘግይቷል፤ ሁሉም እኔን ያያል። «ግባ» አልኩት።

የኋላ ጎማው ሃያ እርምጃ ያህል ሣሩን አርሶ ሰጠመ። ሽማግሌዎቹ ሳይጠሩ መጡ። ማንም አልጮኸም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ቦርሳውን ሲከፍት ያየ አንድ አባት «ልጄ፣ ገንዘቡን አስቀምጠው፤ ገንዘብ ሣር አይሆንም» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የእናቴን አባት ስም ጠራሁ። ራሳቸውን ነቀነቁና «አውቃቸዋለሁ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። መብራት ያዡ፣ ሜካፕ ሠሪዋ፣ ዋናው ተዋናይ ሳይቀር እስከ 8 ሰዓት አፈር ስንሞላ፣ ከወንዝ ዳር ሣር ከነሥሩ እየነቀልን ስንተክል ዋልን። የቀኑ ቀረጻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መኪና ጠጠር መንገዱ ላይ ይቆማል፤ ዕቃውን የመንደሩ ወጣቶች በክፍያ ይሸከማሉ። በጀት ላይ «የተሸካሚ» ብዬ ስጽፍ የሚከራከረኝ ሰው አለ፤ ያን ቀን የከሰርነውን እነግረዋለሁ።

ነገሩ የሣር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዘ ቢች» የተቀረጸበት። ፊልሙን ያየ ሁሉ እዚያ ካልቆምኩ አለ፤ በቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በጀልባ ሲጎርፍ ከውሃው ሥር ያለው ኮራል አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጉት፤ የተከፈተው በ2022 ነው፣ ያውም በገደብ። ኒውዚላንድ ማታማታ ላይ ደግሞ አንድ ቤተሰብ የበግ እርሻውን ለ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሰጠ፤ የፊልሙ መንደር ለ«ሆቢት» እንደገና ሲሠራ በማይፈርስ ዕቃ ተሠርቶ ቀረ፤ ዛሬ ጎብኚ ከፍሎ ይገባበታል፣ በጎቹም እየጋጡ ናቸው። እዚያ መሬቱ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም ድርድሩ ላይ ተቀምጧል። ጀፎረም ባለቤት አለው፤ ግን ባለቤቱ አንድ ሰው ስላልሆነ ውል የሚያዘጋጅ ሰው ማንን እንደሚያስፈርም ይጠፋዋል፤ ከዚያ ማንንም ሳያስፈርም ይገባል።

ያ «ገጠር አይመስልም» ያለው ዳይሬክተር በመጨረሻ ተመልሶ መጣ። ያስመጣው ጀፎረው አይደለም፤ ቤቱ ነው። አዶት እንላለን እኛ እናትን፤ አንዲት አዶት ቤት ውስጥ ቡና ልንጠጣ ገብተን፣ መስኮት የሌለው ሰፊ ክብ ቤት፣ በአንድ በር የገባው ብርሃን ጭሱ ላይ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ፣ ጣሪያው ጥላሸት ለብሶ እንደ ቆዳ ሲያብለጨልጭ አየና ስኒውን ይዞ ቀረ። ሁለት ቀን ቀረጽን። የሣር ክዳን ስለሆነ የሚያግል መብራት አላስገባሁም፤ ኤልኢዲ ብቻ። መካከለኛው ምሶሶ ካሜራውን አስቸገረው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ ምሶሶው በአንዱ ትከሻ ይበቅላል። በኋላ ዳይሬክተሩ ተዋናዮቹን ምሶሶውን ዞረው እንዲነጋገሩ አደረገ፤ ከፊልሙ ሁሉ ያማረው ትዕይንት እሱ ሆነ።

ከቤቱ ጀርባ ሲቀረጽ አንድ እንሰት ካሜራውን ከለለ። «ይቆረጥ፣ እንከፍላለን» አለ አንዱ። ወደ አዶት ሄጄ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅሁ። «አምስት» አሉ። «የደረሰ ነው፤ ግን የራሱ ቀን አለው።» ካሜራውን አዞርን።

ፊልሙ ሲወጣ መንደሩ ሌላ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ የጉራጌ ስም እንኳ አልነበረም። ይህን ለአዶት እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ በመስቀል ሰሞን ሄድኩ። ጀፎረው ላይ የአዲስ አበባ ታርጋ የለጠፉ መኪኖች ተደርድረው፣ ከከተማ የገባ ዘመድ ግቢውን ሞልቶት ነበር። የልጅ ልጃቸው ፊልሙን በስልኩ ከፈተላቸው። ዋናዋ ተዋናይት እያለቀሰች በእንሰቱ መሃል ትሄዳለች። አዶት ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ከተዋናይቷ ጀርባ ያለውን በጣታቸው ነኩት።

«ይቺን» አሉ፣ «ባለፈው ፍቀናት በላናት።»