ጠላት ማን ነው? ዳዊት መድገምና ትርጓሜ በስሜን ግርጌ

በዳባትና በደባርቅ ገጠር፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ደብሮች ዙሪያ፣ ቅዱስ መጽሐፍ ወደ ምእመኑ ቤት የሚገባው ከሁሉ በፊት በዳዊት ነው። ወንጌሉ በቅዳሴ ይሰማል፤ ገድሉና ድርሳኑ በየበዓሉ ይነበባል፤ ዳዊት ግን ከሰው ጋር ውሎ ከሰው ጋር ያድራል። የተማረው ገበሬ በሬ ከመጥመዱ በፊት፣ መነኩሲቱ በጎጆዋ ሆና ይደግሙታል። ሕመም ሲጠና ይደገማል፤ ሰው ሲሞት በአስከሬኑ ራስጌ ይደገማል። ስለዚህ የመጽሐፍ ንባብ በኑሮ ጭንቅ ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በዚህ አገር መልሱን መፈለግ ያለበት በዳዊት ነው። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አጭር ነው፦ መጽሐፉን ለዕለት ጭንቅ የሚያደርሰው መድገሙ ነው፤ ጭንቁ ወደ በቀል እንዳይዞር የሚጠብቀው ደግሞ ትርጓሜው ነው። ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ንባቡ ያጽናና ይሆናል፤ ለማስታረቅ ግን አቅም ያጣል።

ለሳምንቱ የተሰፈረ መጽሐፍ

የብራና ዳዊት ገልጦ ያየ ሰው መጽሐፉ ለንባብ እንዴት እንደተሰናዳ ወዲያው ይገነዘባል። ስንኙ ሁሉ በየራሱ መስመር ይጀምራል። 10 መዝሙር ባለቀ ቁጥር በቀለም የተሠራ ሐረግ ወይም የነጥብ ረድፍ ገጹን ይከፍለዋል፤ ይህ አንድ ንጉሥ ይባላል፤ 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ነው። ከዚያ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። ሁሉም ለሰባቱ ዕለታት ተደልድሏል፤ ሰኞ ከመጀመሪያው መዝሙር ይነሣል፣ ቅዳሜ የመጨረሻዎቹ ይደርሳሉ፣ እሑድ ለጸሎተ ነቢያትና ለመኃልዩ ነው።

ይህ ድልድል ከባድ ቁም ነገር አለው። ደጋሚው ለስሜቱ የሚስማማውን መዝሙር አይመርጥም፤ የዕለቱን ድርሻ ይቀበላል። አዝመራው በውርጭ በተመታበት ጠዋት የምስጋና መዝሙር ሊገጥመው ይችላል፤ ልጁን በዳረበት ሳምንት የለቅሶ መዝሙር ይደርሰዋል። ዛሬ በስልክ ላይ ለጭንቀት አንድ ጥቅስ፣ ለብቸኝነት ሌላ ጥቅስ መርጦ የማንበብ ልማድ ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለው ንባብ አንባቢውን ከራሱ ጉዳይ አያወጣውም። የሳምንቱ ዳዊት ግን የሌላውን ሰው ኀዘንና ደስታም በአፉ ላይ ያኖርለታል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ደጋሚዎቹ ንጉሥ ንጉሡን ተከፋፍለው ሙሉውን ዳዊት በአንድ ሌሊት ያደርሱታል። ለመጸለይ ቃል ያጣችው እናት ሌሎች ሲጸልዩላት ታድራለች። ግእዙን የማይሰማ ሰው ከንባቡ ምንም አያገኝም የሚሉ ተቺዎች ይህን አላስተዋሉም።

ሆኖም ተቺዎቹ የነኩት እውነት አለ። በንባብ ቤት ልጁ ከፊደልና ከመልእክተ ዮሐንስ ተነሥቶ በየኔታ ፊት ንባቡን እያስተካከለ ዳዊት ይደርሳል። ዳዊት መጨረስ ትልቅ ማዕረግ ነው፤ የብዙዎቹም ትምህርት እዚያው ላይ ይቆማል። ቅኔ ቤት የሚገቡት ያንሳሉ፤ መጻሕፍት ቤት ደርሰው ትርጓሜ የሚያደላድሉት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በአንድ ደብር ዙሪያ ዳዊት ደጋሚ አይጠፋም፤ የደገመውን የሚያፍታታለት መምህር ግን ጎንደር ድረስ ያስኬዳል።

በጦርነት ጊዜ የተነበበ መዝሙር

ይህ ክፍተት በደህና ቀን ብዙም አይታይም። የታየው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በፌዴራል መንግሥቱና በትግራይ ኃይሎች መካከል የተነሣው ጦርነት ወደዚህ አካባቢ ሲመጣ ነው። ከአዲ አርቃይና ከጠለምት አካባቢ የተፈናቀለ ሕዝብ ደባርቅ ላይ በትምህርት ቤቶችና በመጠለያዎች ተጠጋ። በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ሰዎች በትግራይ ኃይሎች መገደላቸውን ነዋሪዎች ተናገሩ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችም በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ አረጋገጠ። በእነዚያ ሳምንታት ዳዊት የሚደግም ሰው በየገጹ ጠላት የሚለውን ስም ያገኝ ነበር። በግእዙ ዳዊት ቁጥር መዝሙር 34 የሚዋጉኝን ተዋጋልኝ ብሎ ይጀምራል፤ መዝሙር 108 በጠላት ላይ እርግማን ያወርዳል።

ከሁሉም የሚከብደው ከቅዳሜው ድርሻ የሚገኘው መዝሙር 136 ነው። በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ያለቀሱ ምርኮኞች መዝሙር ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ለተፈናቃይ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አገሩን ትቶ በሰው አገር ዝማሬ እምቢ ማለቱን ያውቀዋል። መጨረሻው ግን የባቢሎንን ሕፃናት በዓለት ላይ የሚፈጠፍጠውን ሰው ብፁዕ ይለዋል። ቁስሉ ያልደረቀ ደጋሚ ይህን ስንኝ ከተከዜ ማዶ በትግራይ ባለው ጎረቤቱ ላይ ቢያሳርፈው ማን ይከለክለዋል? ከተከዜ ማዶ ያለው ሐዘንተኛም በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ግእዝ፣ ያንኑ መዝሙር ይደግማል፤ እሱም የራሱ ሙታን አሉት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ የተጠለሉት ኤርትራውያን ኦርቶዶክሳውያንም ዳዊታቸው ይኸው ነው። አንድ መጽሐፍ በሦስት ወገን አፍ አለ፤ እያንዳንዱም ራሱን በምርኮኛው፣ ሌላውን በባቢሎን ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል።

መጽሐፉን ለቅጣት ማንሣት ለስሜን አዲስ አይደለም። የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ ድል ያደረጓቸው ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በገዳም የተማሩት ንጉሠ ነገሥት መጽሐፍ አዋቂ ነበሩ። ራሳቸውን ሕዝቡን ለመቅጣት የተላኩ የእግዚአብሔር መሣሪያ አድርገው ይናገሩ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች መዝግበዋል። መጽሐፉን ማወቅ ብቻውን እጅን አይሰበስብም።

ትርጓሜው የሚሠራው ሥራ

እጅን የሚሰበስበው ነገር ከዚያው አገር፣ ከጎንደር ጉባኤ ቤቶች ይገኛል። ከእነ መምህር ኤስድሮስ ጀምሮ የተደላደለው የአንድምታ ትርጓሜ ግእዙን ያነባል፣ በአማርኛ ይፈታል፣ ታሪኩን ያመጣል፣ ከዚያ አንድም እያለ ሌላውን ምሥጢር ይጨምራል። በዳዊት ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ ተናገረው ብሎ ነው። ዳዊት ስለ ራሱና ስለ ሳኦል፣ ስለ ሕዝቅያስ፣ በባቢሎን ስለ ተማረኩት፣ ስለ መቃብያን፣ ስለ ክርስቶስ ተናገረ ይላል። ይህን ስልት ኪርስተን ስቶፍሬገን ፔደርሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የመዝሙር ትርጓሜ ጥናት በስፋት መርምረውታል።

ፍሬው ከባድ ነው። በመዝሙሩ ውስጥ ያለው ጠላት ስምና ዘመን ካለው፣ ደጋሚው ጎረቤቱን በዚያ ቦታ እንዳሻው ሊያስገባ አይችልም። ታሪኩ ደግሞ ከዚህ በላይ ይሄዳል። መዝሙር 56 ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ዋሻ የገባበት መዝሙር ነው። በዋሻው ሳኦል እጁ ላይ ወድቆለት ዳዊት የልብሱን ዘርፍ ቆርጦ ተወው። ስለ ጠላት አብዝቶ የጮኸው ሰው ጠላቱን ባገኘው ጊዜ ያልገደለው ሰው ነው። ይህን ሳያውቁ ዳዊትን መድገም የዳዊትን ጩኸት ወስዶ የዳዊትን ትዕግሥት መተው ይሆናል። በመዝሙር 136 ሕፃናት ላይም የጥንት የቤተ ክርስቲያን ተርጓሚዎች እነ ኦሪገንና አውግስጢኖስ ክፉ ሐሳብን ገና ሳያድግ በክርስቶስ ዓለትነት መቀጥቀጥ ነው ብለው ተርጉመዋል።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ አለ። በጭና ወንድሟን ለቀበረች ሴት ጠላትሽ ሰይጣን ነው ማለት በደሏን ማድበስበስ አይሆንም? ትርጓሜው በምሥጢሩ ብቻ ቢቆም ኖሮ ይሆን ነበር። አንድምታ ግን ምሥጢሩን ሲጨምር ታሪኩን አያፈርስም። ባቢሎን በእርግጥ በድላለች፤ ምርኮኛው በእርግጥ አልቅሷል። መዝሙሩ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ይሰጣል፤ ገዳዩን የመጠየቅ ሥራ ደግሞ የዳኛ ነው። በደልን በስሙ መጥራትና በቀልን መተው በዚህ ትርጓሜ አብረው ይሄዳሉ።

ከጉባኤ ቤት ወደ ሰንበቴ

የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ያን ጦርነት አስቆመ፤ በጎረቤቶች መካከል የተከፈተውን ቁስል የማከም ሥራ ግን ለየአጥቢያው ቀርቷል። የመዝሙረ ዳዊት ትርጓሜ በአማርኛ ታትሞ ይገኛል፤ ቋንቋው ገበሬው የሚሰማው ነው። ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ተዝካሩ ሰው የሚሰበሰብባቸው ናቸው፤ ካህንም አይታጣባቸውም። ጠበሉ ከመጠጣቱ በፊት ካህኑ አንድ መዝሙር አንብቦ፣ ፈትቶ፣ ታሪኩን ቢናገርና ለጥያቄ ቢቆም አዲስ ሥርዓት አያስፈልገውም። መጀመር ያለበትም ከቀላሉ መዝሙር አይደለም፤ ከሚያስፈራው፣ ከ136ኛው ነው። ያንን ስንኝ ያለ ትርጓሜ ለሐዘንተኛ አፍ መተው የመምህራኑ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን መክፈል ያለባቸውም ቁስሉ ጠባሳ ሳይሆን ነው።